የእናቴ ወረንጦ

 

በየቤታችን ችግር ሲገባ ከሁሉ ቀድማ ከአፋችን የምትወጣ አንዲት ቃል አለች፤ «ሶብር» የምትል። ታላቅ ቃል ናት። ነገር ግን ያለ ቦታዋ ስትነገር ምን ያህል እንደምትጎዳ በገዛ ቤቴ ያየሁትን ላጫውትህ። ጥፋቱ የእኔ ነውና ፍረድብኝ፤ ከፈረድክብኝ በኋላ ግን ወደ ራስህ ቤት ተመልከት።

እኔ በደቡብ ጎንደር፣ በአዲስ ዘመን አቅጣጫ፣ ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ ልጆችን ቁርኣን የማስቀራ መምህር ነኝ። እናቴን ዓይኗን ያመማት የጀመረው እኔ ገና ደረሳ ሳለሁ ነበር። ወረንጦ በመቀነቷ ቋጥራ ትዞራለች። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ታናሽ እህቴን ጠርታ ወደ ውስጥ የዞሩትን የዓይኗን ሽፋሽፍት ታስነቅላለች። ለጥቂት ቀን ፋታ ታገኛለች፤ መልሶ ሲበቅል ግን እንደ እሾህ ይወጋታል። እንጀራ ስትጋግር ጭሱን ስለማትችለው ሻሿን ዓይኗ ላይ ትጥል ነበር።

በዚህ ሁሉ ዓመት እኔ ምን አደርግ ነበር? እመክራት ነበር! «እማ፣ የነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ዓይኖች በሐዘን ብዛት ነጥተው አልነበረምን? እሳቸው ግን ሶብር አደረጉ። አንቺም የአላህን ቀደር ውደጂ» እላታለሁ። እሷም «አልሐምዱ ሊላህ» ትላለች። እውነቱን ልንገርህ፤ ጤና ጣቢያ መውሰድ ሥራ ያስፈታል፣ ገንዘብም ይጠይቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷም «ዓይኔን ምላጭ አላስነካም» ትል ነበር። ስለዚህ ሶብር ለሁለታችንም የቀለለ መንገድ ሆነ።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ አንድ ደረሳ ሱረቱ ዩሱፍን በቃሉ ያሰማኝ ጀመር። 84ኛው አንቀጽ ላይ፣ የያዕቁብ ዓይኖች ከነጡበት ቦታ ሲደርስ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጁ ግን አልቆመም። 87ኛው አንቀጽ ላይ ያዕቁብ ልጆቻቸው ሄደው ዩሱፍንና ወንድሙን እንዲፈልጉ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ እንዳይቆርጡ ያዝዛሉ። በመካከል ያሉት ሁለት አንቀጾች ብቻ ናቸው! ለካ እኔ ለእናቴ የነገርኳት ግማሹን ኖሯል። እኒያ ዓይናቸው የጠፋ አባት ሶብር አድርገው አልተቀመጡም፤ ሶብር አድርገው ልጆቻቸውን ለፍለጋ ላኩ። ዓይናቸውን የመለሰው የዩሱፍ ቀሚስም የመጣው ከዚያ ፍለጋ በኋላ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈልጌ አገኘኋት። እሷም በሽታው ትራኮማ፣ በአገራችን አጠራር የዓይን ማዝ እንደሚባል አስረዳችኝ። በእጅ፣ በጨርቅና ዓይን ላይ በሚያርፉ ዝንቦች ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰስና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን እየፋቀ ያጠፋል። ትንንሽ ልጆችን የሚያቅፉና የሚያጥቡ እናቶች ከወንዶች ይልቅ ይጎዳሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶ 60 የሚበልጡት በሽታው ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት በየቀበሌው በነፃ ሲታደል በሽታው ቀንሷል፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

እናቴን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የፈራሁት ገንዘብ አልተጠየቀም፤ ቀዶ ጥገናው በነፃ ነበር። ለዚሁ ሥራ የሠለጠነች ነርስ ማደንዘዣ ወግታ የታጠፈውን ቆብ አስተካከለችው፤ አንዱ ዓይን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ከዚያም ነርሷ ወደ ውጭ ጠርታ ነገረችኝ፤ የግራ ዓይኗን ጠባሳው ስለሸፈነው ብርሃኑ አይመለስም፤ የቀኙ ግን ይተርፋል። እኔ መናገር ሲያቅተኝ እናቴ ቀድማ ገብቷት ኖሮ «የሄደው የአላህ ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ። በቀረው የልጅ ልጆቼን ፊት አይበታለሁ» አለች።

ውድ አንባቢ! ሶብር ቦታዋን ያገኘችው ያን ዕለት ነው። ለግራው ዓይን የአላህን ውሳኔ መውደድ፣ ለቀኙ መታከም። ሁለቱም ዒባዳ ናቸው። የጠፋውን ይመለስ እያሉ መቃጠል ልብን ያደርቃል፤ ገና ያልጠፋውን እንደጠፋ ቆጥሮ መቀመጥ ደግሞ ስንፍናን በቀደር ስም መሸፈን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል፤ አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደም ነግረውናል።

«ቀደም ብለህ ብትወስዳትስ ኖሮ?» ትለኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። ያ ጊዜ አይመለስም። እናቴን ዓውፍ በይኝ አልኳት፣ አላህንም ምሕረት ለመንኩ። ግን ተውበት ያለ ሥራ አይሞላምና ወደ መድረሳዬ ዞርኩ። ደረሶቼ ፊታቸው አርና እንባ እንደተጋገረበት፣ ዝንብ እንደወረረው ለውሕ ሲይዙ ለዓመታት ዝም ብዬ አይ ነበር። አሁን በሩ ላይ ከሥሩ የተበሳ ጀሪካን ሰቅያለሁ፤ ቀዳዳውን በእንጨት እንወትፈዋለን። ማንኛውም ልጅ በሃይላንድ ውኃ ይዞ ይመጣል፤ ፊቱን ሳይታጠብ ለውሕ አይነካም። አንድ ወላጅ «ይህን ሕፃን ማን ለውዱእ አስገደደው?» ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። ወደ እናቴ ወስጄ አስቀመጥኩት። የነገረችውን እኔ አልሰማሁም፤ በሳምንቱ ግን ለመድረሳው መጸዳጃ ጉድጓድ ሊቆፍር ዶማውን ይዞ መጣ።

እናቴ ዛሬም አለች። ሽፋሽፍቱ ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ስለሚችል በየጊዜው አሳያታለሁ። ወረንጦዋን አልጣለችውም፤ የልጅ ልጆቿ እግር እሾህ ሲገባበት ታወጣበታለች፤ በቀኝ ዓይኗ አነጣጥራ።

እንግዲህ አንተም፣ አንቺም ቤታችሁን ተመልከቱ። «ሶብር አድርግ» ተብሎ የተተወ በሽተኛ፣ ከትምህርት የቀረ ልጅ፣ የተኳረፈ ዘመድ አለን? ከጠፋውና ከቀረው የትኛው እንደሆነ ለዩ። አላህ የሄደብንን በጸጋ የምንቀበል፣ የቀረልንን ተነስተን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።