መድኃኒት ከመድኃኒት ሲጋጭ፦ የአስታማሚው አማና

እኛ የምንኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ ነው። ለመድኃኒት ምርት ታስቦ የተገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ ጎረቤታችን ነው። ይሁንና ለመድኃኒት ፋብሪካ ጎረቤት መሆን መድኃኒትን ማወቅ አይደለም። በሰፈራችን ልጅ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ጎረቤቱ ሁሉ ፌስታል አንጠልጥሎ ሊጠይቅ ይሄዳል። ፌስታሉ ውስጥ ብርቱካን ብቻ አይደለም ያለው። ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዘምዘም፣ ቁርአን የተቀራበት ውኃ፣ አንዳንዴም ለሌላ ልጅ ታዝዞ የተረፈ ሽሮፕ ይኖራል። ሁሉም በቅን ልቦና የመጣ ነው። ነገር ግን ቅን ልቦና ብቻውን ልጁን ከጉዳት አይጠብቀውም። ለምን እንደማይጠብቀው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ሆስፒታል የተኛ ሕፃን መድኃኒቱ አንድ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለሳንባ ምቹ በደም ሥር የሚገባ አንቲባዮቲክ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽ ላነሰው ሰውነቱ ጉሉኮስ ይታዘዝለታል። ቀድሞም የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ካለበት የዘወትር መድኃኒቱ በዚህ ላይ ይደረባል። የእያንዳንዱ መድኃኒት መጠን የሚሰላው በልጁ ኪሎ ነው። የጨቅላ ሕፃን ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ገና ስላልጠነከሩ መድኃኒትን ከሰውነት የማስወገድ አቅማቸው ከአዋቂው ያነሰ ነው። የመድኃኒቱ ቁጥር በጨመረ መጠን አንዱ የሌላውን ሥራ የማበላሸቱ ዕድልም ይጨምራል። የመድኃኒት ግጭት የሚባለው ይህ ነው።

ግጭቱ የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። አንደኛው እዚያው የደም ሥር ውስጥ የሚፈጠረው ነው። ሴፍትሪያክሶን በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ነው። ይህ መድኃኒት ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር፣ ለምሳሌ ከሪንገር ላክቴት ጋር ሲገናኝ ደቃቅ ጠጣር ነገር ይፈጥራል። ይኸው ነገር በጨቅላዎች ሳንባና ኩላሊት ውስጥ ተገኝቶ ሞት በመድረሱ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ከተወለዱ 28 ቀን ላላለፋቸው ሕፃናት ሁለቱ አብረው አይሰጡም።

ሁለተኛው በጉበት በኩል የሚመጣው ነው። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የጉበትን ሥራ ስለሚያፋጥን፣ ሌላው መድኃኒት ጥቅሙን ሳይሰጥ ከሰውነት ይወጣል። ኤሪትሮማይሲን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ካርባማዜፒን በደም ውስጥ እንዲጠራቀም ስለሚያደርግ ልጁ ይፈዛል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል። ይህን ያየ ቤተሰብ በሽታው የባሰበት ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛው ሁለት መድኃኒቶች አንዱን የአካል ክፍል በአንድነት ሲመቱት ነው። ጄንታማይሲንና ላሲክስ አብረው ሲሰጡ የልጁ የመስማት ኃይል ሊጎዳ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይፈልጋሉ። አራተኛው ቤተሰብ በቀላሉ የማይጠረጥረው ነው፤ አንዱ መድኃኒት በሁለት ስም ሲመጣ። ብዙ የጉንፋን ሽሮፖች በውስጣቸው ፓራሲታሞል አላቸው። ሆስፒታሉ ፓራሲታሞል እየሰጠ ቤተሰብ ከጎን ሽሮፑን ቢያጠጣ፣ ልጁ ከልክ በላይ ወሰደ ማለት ነው። የዚህም ዕዳ ያለው በጉበቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለት መድኃኒቶች ይጋጫሉ ማለት በምንም ዓይነት አብረው አይሰጡም ማለት አይደለም። ሐኪሙ ግጭቱን አውቆ መጠኑን ወይም ሰዓቱን አስተካክሎ ሁለቱንም ሊያዝዝ ይችላል። ለምሳሌ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ልጅ ኤች አይ ቪም ካለበት፣ በቀን አንዴ ይሰጥ የነበረው ዶሉቴግራቪር ሁለቴ ይደረግለታል። ስለዚህ ይህን ያነበበ ወላጅ በገዛ ፈቃዱ መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ከባድ መንቀጥቀጥ ያስከትላል።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ 634 ሕፃናትን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በመድኃኒት ምክንያት የደረሱ 58 ጉዳቶችን መዝግቧል። ሁሉም ከግጭት የመጡ አይደሉም። ነገር ግን ሲሶ ያህሉን ማስቀረት ይቻል እንደነበር አጥኚዎቹ አመልክተዋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍሎችም የመድኃኒት ግጭትን ለይቶ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል።

ታዲያ ይህን ማን ይከላከለው? ሐኪሙ፣ ነርሷና ፋርማሲስቱ ቀዳሚ ኃላፊዎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን ከቂሊንጦ የተነሳ የታመመ ልጅ የሚያልፍበትን መንገድ እናስብ። መጀመሪያ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ያየዋል። ከዚያ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ሪፈር ከተባለም ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። በየቦታው አዲስ ካርድ ይወጣል። ተረኛው ሐኪም ይቀየራል፤ የሌሊቷ ነርስ በቀኗ ትተካለች። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲታጣ አባት ማዘዣውን ይዞ ከከነማ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሲዞር ይውላል። በዚህ ሁሉ መካከል ከልጁ ጎን የማይጠፋው አስታማሚው ብቻ ነው። ልጁ ትናንት ምን እንደወሰደ፣ ቤት ሳለ ምን እንደቀመሰ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ሆኖም ይህ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይቀራል። ሐኪሙ «ሌላ የሰጣችሁት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እናት ቁጣውን ፈርታ «የለም» ትላለች። ዳማ ከሴው ወይም ጤና አዳሙ ሳይነገር ይቀራል። አንዳንዱም የሃይማኖት ነገር ይናቅብኛል ብሎ ዝም ይላል። ወገኖቻችን፣ ሁለቱን እንለያቸው። በታመመ ልጅ ላይ ቁርአን ሲቀራ፣ ዱዓ ሲደረግለት ከመርፌው ጋር የሚጋጭ አንዳች ነገር የለም። የሚያሳስበው በአፉ የሚገባው ነው። ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተመሰገነ መሆኑን እናምናለን፤ የደም ስኳርንና የደም መርጋትን ሊነካ እንደሚችል ደግሞ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙ ይወቀው። ማርም ፈውስነቱ በቁርአን የተመሰከረ ነው። ሆኖም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ምክንያቱም ጡንቻን የሚያዝል ከባድ መመረዝ የሚያስከትል ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ዘምዘምም ቢሆን ውኃ ነውና፣ የሚጠጣው ፈሳሽ በልክ ለተወሰነለት የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ልጅ ጠይቆ መስጠት ይገባል።

ይህን መጠየቅ ከእምነት ማነስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1037 ወደ አኼራ የሄደው ኢብኑ ሲና «አል-ቃኑን» የተባለውን ታላቅ የሕክምና መጽሐፉን በአምስት ክፍል ሲያዘጋጅ፣ ለነጠላ መድኃኒቶች ሁለተኛውን፣ ለተቀመሙት ደግሞ አምስተኛውን ክፍል ለይቶ ሰጥቷል። መድኃኒት ብቻውን ሲሆንና ከሌላ ጋር ሲሆን አንድ እንዳልሆነ ሙስሊም ሐኪሞች ከጥንት ያውቁት ነበር። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆንም ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ ሐዲስ አለ። በጎረቤት ልጅ አፍ ውስጥ ያልታዘዘ ሽሮፕ የሚጨምር ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

እንግዲህ ከአስታማሚ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ልጁ ቤት ሳለ ይወስድ የነበረውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑና ከነብልቃጡ ይዞ መሄድ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ሰዓት መጻፍ፣ የባህል መድኃኒቱንም ሳያስቀሩ ማስፈር ነው። ሌሊት አክስት ወይም አያት ሲተኩ ወረቀቱን ማስረከብ ነው። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ «ከሚወስደው ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ከሐኪሞቹ ጋር በየአልጋው ስለሚዞሩ፣ ይህን ለመጠየቅ ከእነሱ የተሻለ የለም። አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ልጁ ሽፍታ ካወጣ፣ ከፈዘዘ ወይም ካስመለሰው ሳይውሉ ሳያድሩ መናገር ይገባል። ከሆስፒታል ሲወጡም የትኛው እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚቆም አጥርቶ መጠየቅ ነው።

ልጆቻችን አላህ (ሱ.ወ) የሰጠን አማናዎች ናቸው። ዱዓ ስናደርግላቸው ለሐኪሙም እውነቱን እንንገረው፤ ሁለቱም ከአማናው ናቸው። አላህ (ሱ.ወ) በየሆስፒታሉ አልጋ ላይ ላሉ ሕፃናት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። ለወላጆቻቸው ሶብሩን፣ ለሐኪሞቻቸው ማስተዋሉን ይስጥ። አሚን።