ሂርና ላይ የቀረው ተራራችን

ታኅሣሥ ላይ ጋራ ሙለታን እንውጣ ብለን የተነሳነው አምስት ነበርን። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ልጅ ኢያሱም ታስረው የኖሩት በዚያው አካባቢ ነው። መኪና ተከራየን፣ ቆሎ ቋጠርን፣ ጃኬት ተዋዋስን። ማን ምን ያመዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም!

አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ አልፈን ሂርና ስንደርስ መሸ። ቀን በሸሚዝ የሚያስኬደው አገር ማታ ያንዘፈዝፋል፤ ተራራው አናት ላይማ አስቡት። ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንሳሳቅ አንዷ ጓደኛችን ትንፋሽ አጠራት። ለካ አስም አለባት፤ የሚነፋውን መድኃኒት ደግሞ እቤት ረስታለች። በስንት ልመና ፋርማሲ አስከፈትን።

ሲሻላት ‹‹ትታችሁኝ ትሄዳላችሁ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ›› አለች። እኔም የደበቅሁት ነበረኝ፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ብር ለመመለሻ አይበቃም ነበር። ጠዋት ሦስቱ ‹‹እኛ እንቀጥል›› አሉ። አኮረፍን፣ ተነጋገርን፣ በመጨረሻ አምስታችንም ተመለስን። እስከ አዋሽ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ዘንድሮም አስበናል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ንግሥ ስለሆነ መኪናም አልጋም ስለሚጠፋ ወደ ጥር ገፋነው። ስብሰባችን ላይ መጀመሪያ የተጠየቀው ‹‹ማን ምን ያመዋል? ማን ስንት ብር አለው?›› የሚል ነው። ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ናት።