ኪራይ በወር፥ ገቢ በዓመት

የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የሆኑት ጓደኞቻችን «የሽያጭ አዝማሚያ» የሚሉት አንድ መስመር አላቸው። ወረቀት ላይ ያሰምሩታል፤ ሽቅብ ሲወጣ ደስ ይላቸዋል፤ ቁልቁል ሲወርድ ምክንያት ይፈልጉለታል። እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሆንን በዚህ ነገር እንድንገባ የጋበዘን የለም። ነገር ግን የመቱ ልጆች ነን፤ የመቱ ልጅ ደግሞ ሽያጭ ሲወጣና ሲወርድ ያየው በወረቀት ላይ ሳይሆን በእናቱ መቀነት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ጥቂት ይታገሡንና ስለዚያ መስመር የምናውቀውን እንናገራለን።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። በቦሌም ሆነ በመርካቶ ያሉትን ባለ ፎቅ የገበያ ማዕከሎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ በደመወዝና በበዓል እንደሚመሩ ይረዳል። በወሩ መጨረሻ ደረጃው በሰው ይሞላል፤ ወሩ ሲጋመስ ሻጮቹ በር ላይ ቆመው ያዛጋሉ። እንቁጣጣሽ፥ ገና፥ ፋሲካና ዒድ ሲደርሱ ደግሞ ያዛጋ የነበረው ሁሉ መተንፈሻ ያጣል። የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ኪሱ ይሞላል፤ ዐሥራ ሁለት ጊዜም ይራቆታል። መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ጥርሶቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ዛሬ ያልገዛ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይገዛል።

በመቱና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ግን፥ የመንግሥት ሠራተኛውን ካልቆጠርን፥ ደመወዝ የሚከፈለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ከፋዩም ቡና ነው። ቡናው በመስከረም መጨረሻ መቅላት ይጀምራል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፤ ደርቆም ጀንፈል ይሆናል። በእነዚህ ወራት ገበያችንን ያላየ ሰው መቱን አየሁ አይበል። ከያዮ፥ ከሁሩሙና ከአሌ የሚመጣው ሰው ጀንፈሉን ለሰብሳቢው ካስረከበ በኋላ ባዶ እጁን አይመለስም። ቆርቆሮና ሚስማር፥ ብርድ ልብስ፥ የልጆች ጫማ፥ የእጅ ስልክ፥ ለጥር ሠርግ የሚሆን ጨርቅ ይገዛል። ባለ ሱቁ ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ልብስ ሰፊው በሌሊት ይሰፋል።

የጥር ሠርግ ካለፈ በኋላ መስመሩ ማዘቅዘቅ ይጀምራል። በሚያዝያ ሰው የሚገዛው ጨው፥ ሳሙናና ዘይት ብቻ ይሆናል። ሰኔ ሲገባ የኢሉባቦር ዝናብ፥ ያ የምናውቀው ማለቂያ የሌለው ዝናብ፥ መንገዱንም ጎተራውንም ያጥባል። በቆሎው ገና አልደረሰም፤ ቡናው በዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም መሆኑ ነው። ደብተርና ጫማ የሚፈለግበት ጊዜና ገንዘብ የሚገኝበት ጊዜ በሁለት ወር ይተላለፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የዱቤ መዝገብ ነው።

የዱቤ መዝገብ ማለት በየሱቁ ባንኮኒ ሥር የሚቀመጥ፥ ዳሩ በእጅ ብዛት የጠቆረ ደብተር ነው። በውስጡ ስምና ቁጥር እንጂ ሌላ ጽሑፍ የለበትም። ነገር ግን አንድን መንደር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አያገኝም፤ ማን እንደ ወለደ፥ ማን እንደ ታመመ፥ ማን ተስካር እንዳወጣ ሁሉ በዘይቱና በስኳሩ ልክ ይታወቃል። ባለ ሱቁን መውቀስ ቀላል ነው። ግን እርሱም ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ አከፋፋይ በዱቤ ያመጣ ነው፤ እርሱንም በስልክ የሚጠይቁት አሉ። በሐምሌ ሁሉም ባለ ዕዳ ነው፤ ልዩነቱ ኅዳርን ለመጠበቅ አቅም ያለውና የሌለው ነው።

አቅም የሌለው ምን እንደሚሆን ከቤታችን በአንዱ ያየነውን እንናገር። ዓመቱ 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩም ሰኔ። የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ወጪና የታላቁ መሳፈሪያ ተደማምሮ ስለ ከበደ፥ የቤቱ አባወራ ስሙን ወደማንጠራው አንድ ነጋዴ ሄዱ። ነጋዴው በክብር ተቀበላቸው። «ኦቦ፥ ምን ያስጨንቅዎታል? ይህን ይያዙ፤ ኅዳር ላይ በጀንፈል እንተሳሰባለን» አላቸው። የፈረሱላው ዋጋ ግን የዚያኑ ዕለት፥ በዝናቡ፥ ቡናው በዛፉ ላይ ሳለ ተቆረጠ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቡና በዶላር የሚሸጥ ነገር ስለሆነ በኅዳር የገበያው ዋጋ በሰኔ ከተቆረጠው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። አባታችን ግን በሰኔው ዋጋ ሰፈሩ። ጎረቤት ቢመክራቸው «ቃል ቃል ነው» ብለው ዝም አሉ። ቆርቆሮውና ዘይቱ የአዲሱን ብር ዋጋ ሲጠይቁ፥ ቡናቸው በአሮጌው ብር ሄደ። በዚያ ጥር በዚያ ቤት የተገዛ አዲስ ነገር የለም። ባለሙያዎቹ መስመራቸውን ሲያሰምሩ ይህን «የፍላጎት መቀነስ» ይሉታል። ፍላጎቱስ አልቀነሰም ነበር።

የዚህ ዋጋ ምንጭ መቱም አዲስ አበባም አይደለም። በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ50 ሳንቲም ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ጸደይ ወደ 3 ዶላር ደረሰ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከ4 ዶላር አለፈ። በዚያ ከፍታና ዝቅታ ልክ የእኛ ልብስ ሰፊ መብራቱን ያበራል ወይም ያጠፋል። ልብስ ሰፊው ኒው ዮርክ የት እንዳለች ላያውቅ ይችላል፤ እርስዋ ግን ታውቀዋለች።

በአንድ ምርትና በአንድ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ገበያ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎሬን ማየት ይበቃል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክና እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት መሠረት፥ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ይህ ጋምቤላ ነው። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣ ነበር። ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይወጣል፤ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ይወርዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ የዚህ ንግድ እናት ሆነች፤ ግሪኮችና ሶርያውያን ሳይቀሩ ሱቅ ከፍተውባታል፤ የጠቅላይ ግዛቱም መቀመጫ ነበረች።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ዞረ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ውሎ አድሮም ቡናችን ቁልቁል ወደ ባሮ መውረዱን ትቶ በጭነት መኪና በጅማ በኩል መጓዝ ጀመረ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የጋምቤላው ውል ዘመኑ አበቃ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ወደ መቱ ተዛወረ። የጎሬ ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሱቆችዋም በአንድ ቀን አልፈረሱም። ገዢው በሌላ በኩል ስላለፈ ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው ገበያ ማለት ሕንጻ አለመሆኑን ነው፤ ገበያ ማለት ገንዘብ የያዘ ገዢና የሚመጣበት መንገድ ነው።

አሁን በመቱም በበደሌም ባለ ፎቅ የንግድ ቤት መሥራት የዕድገት ምልክት ሆኖ ይታያል። መስተዋቱ ያምራል፤ እኛም እንደ ማንኛውም ወጣት ስናየው ደስ ይለናል። ነገር ግን የእነዚህ ቤቶች ኪራይ የሚከፈለው በወር ነው። አሳቡ የመጣው ከአዲስ አበባ፥ ማለትም ዐሥራ ሁለት ደመወዝ ካለበት አገር ነው። የእኛ ነጋዴ ግን የዐሥራ ሁለት ወር ኪራይ የሚከፍለው በሦስት ወር ሽያጭ ነው። እንደ እናት የምናያቸው አንዲት ሴት ጉሊታቸውን ትተው ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የልብስ መደብር ከፍተው ነበር። በታኅሣሥ ከፈቱ፤ በነሐሴ ዘጉ። ምን እንደ ሆኑ ስንጠይቃቸው «ሱቁስ ጥሩ ነበር፤ ሐምሌ ነው ያከሰረኝ» አሉን። ከብዙ መምህራን የሰማነው ትምህርት ከዚህ አይበልጥም።

ሐምሌን ማሸነፍ ይቻላልን? ጥቂት ምልክቶች አሉ። በጎሬ አጠገብ ያለው የጉመሮ ሻይ ተክል አለ፤ ሻይ እንደ ቡና አንድ ወቅት ጠብቆ ሳይሆን ደጋግሞ ስለሚለቀም ለለቃሚው በየጊዜው ይከፍላል። በ1985 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ለከተማው የወር ደመወዝ አምጥቷል። በመቱም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል፤ መምህሩና ሠራተኛው በየወሩ ይገዛል። ተማሪው ግን በክረምት ወደ አገሩ ስለሚሄድ፥ ገበሬው በደኸየበት ወር ከተማው ሌላውን ገዢውንም ያጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የቀረበው መድኃኒት ግን ትልቅ ፋብሪካ የሚጠይቅ አይመስለንም። ጀንፈል በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል፤ ገበሬው በችኮላ የሚሸጠው ዕዳ ስላለበት እንጂ ቡናው ስለሚበላሽ አይደለም። በሰኔ ጥቂት ገንዘብ በአግባቡ ወለድ የሚያበድር የቁጠባና ብድር ማኅበር በየቀበሌው ቢጠናከር፥ ቡና በዛፉ ላይ እያለ አይሸጥም ነበር። ባለ ሕንጻዎቹም ኪራዩን በምርት ወራት ከፍ፥ በክረምት ዝቅ አድርገው ቢዋዋሉ ባዶ ክፍል ከመቁጠር ይድናሉ። የዓመቱ ድምር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ተከራዩ ነሐሴን ተሻግሮ ጥቅምት መድረሱ ነው።

ስለዚህ ለአገራችን ልጆች አንድ አሳብ እናቀርባለን። በመጪው ክረምት ወደ መቱ፥ ወደ ጎሬ፥ ወደ በደሌና ወደ ያዮ ስንገባ ቡና እየጠጣን ዝናቡን ከመውቀስ፥ እያንዳንዳችን አንድ የምናውቀው ባለ ሱቅ ዘንድ እንሂድ። ፈቃዱን ጠይቀን የዱቤ መዝገቡን እንቁጠር፤ ስም ሳንጽፍ፥ በየወሩ ስንት ሰው እንደ ወሰደና ስንት ሰው እንደ ከፈለ ብቻ። ያን ጊዜ ለምጣኔ ሀብት ጓደኞቻችን እውነተኛ መስመር እናስረክባቸዋለን፤ በዚህ መጽሔትም እናወጣዋለን። በከተሞቻችን ሕንጻ ሊሠራ የተነሣ ባለ ገንዘብም ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት የሐምሌን ገጽ ገልጦ ይመልከት።