ትቢያና ነፋስ

በየማለዳው መዝገብ ስንገልጥ አስቀድመን ትቢያውን እናራግፋለን። ትቢያ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ታላቅ ሥራን ያስቆማል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓመት የአሜሪካ ሊቃውንት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉ፥ ሰው የሌለባቸው ሁለት ተሽከርካሪዎች ማርስ በሚባለው ፈለክ ላይ አሳረፉ። ኃይላቸው ከፀሐይ ብርሃን ስለ ነበረ፥ ትቢያ ይሸፍናቸዋልና ሥራቸው ለ90 የማርስ ቀን ብቻ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን የዚያው ፈለክ ነፋስ እየመጣ ጠረገላቸው፤ ስፒሪት እስከ 2010፥ ኦፖርቹኒቲም ታላቅ የትቢያ ማዕበል ብርሃኑን እስከ ጋረደበት እስከ 2018 ድረስ ሠሩ። በዚያው በ2018 ያረፈው ኢንሳይት የተባለው መሣሪያ ግን የሚጠርገው ነፋስ ስላልበቃው፥ ትቢያ ተከምሮበት በ2022 ኃይሉ አልቆ ዝም አለ። ላኪዎቹ ይህን ሁሉ ከምድር ሆነው ያውቁ ነበር፤ መጥረጊያ ይዞ የሚደርስ እጅ ግን አልነበራቸውም።

በሰው ቤትም እንዲሁ ነው። እናታችን፥ አባታችን ካረፉ ወዲህ፥ በባላገር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ኀዘንም በላያቸው ይከመራል። ጎረቤት እንደ ነፋስ አንድ ቀን ይመጣል፥ ሌላ ቀን ይቀራል። የእኛ እጅ ግን ይደርሳል። ስለዚህ የክረምቱን መውጣት ሳንጠብቅ በዚህ ሳምንት ወደ እርሳቸው እንሄዳለን።