ነጠላውን ትቶ ወደ ጥንዱ

የትዳር ጓደኛችሁ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያው ሊቀየርለት ቀጠሮ የያዘ ከሆነ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው ሐኪሙ ያስረዳችኋል። «ወደምወደው ስፖርት እመለስ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ግን የሚነሣው ቤት ውስጥ ነው፤ መልሱም ለሁለታችሁ ይተርፋል።

ባለቤቴ ቴኒስ የጀመረው በጉርምስናው ነው። በ58 ዓመቱ፣ በቀኝ ዳሌው መገጣጠሚያ ያለው ልስልስ ክፍል አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ሲያቅተው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የጭኑ አጥንት ራስ ተቆርጦ ወጣና ድቡልቡል ራስ ያለው የብረት ዘንግ ተተካለት፤ ራሱ የሚገባበት ጎድጓዳም በጠንካራ ፕላስቲክ ተለበጠ። ብረትንና ፕላስቲክን እንዲህ አጣምሮ መሥራትን እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር መልክ ያስያዙት ሰር ጆን ቻርንሊ ናቸው።

ባለቤቴ ገና በምርኩዝ እየሄደ «ራኬቴን የት አደረግሽው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ፈራሁ። አዲሱ መገጣጠሚያ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። ሐኪማችን ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ፣ እግሩንም አነባብሮ እንዳይቀመጥ አዞት ነበር። ቡና ሲፈላ እንኳ በርጩማው ቀርቶበት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። በርጩማ የተከለከለ ሰው ቴኒስ እንዴት ይፈቀድለታል?

እሱ የሚጠቅስልኝ አንዲ መሬይን ነው። መሬይ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ የዳሌ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ለንደን ውስጥ የጥንድ ዋንጫ አነሣ፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ አንትወርፕ ውስጥ በነጠላ አሸነፈ። እውነት ነው። ነገር ግን የመሬይ አጥንት ራስ በብረት ተሸፈነ እንጂ ተቆርጦ አልወጣም፤ ዕድሜውም ያኔ 31 ነበር። ደግሞም ልብ በሉ፦ እሱም ቢሆን መጀመሪያ የተመለሰው በጥንድ ነው።

«እጫወታለሁ»፣ «አትጫወትም» መባባሉ ቤታችንን ሲያደክመው ጥያቄውን ይዘን አብረን ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሄድን። እሱም መመዘኛ ሰጠን፦ ሳያነክስ መራመድ፣ በታከመው እግር ብቻ ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ ደረጃን ሳይደገፉ መውጣትና መውረድ። ከዚያ ወዲህ ክርክራችን በመመዘኛው ተተካ። እሱ ይሠራል፣ እኔ እቆጥራለሁ።

በስድስተኛው ወር ሐኪሙ ፈቀደለት፤ የፈቀደለት ግን ጥንድ ብቻ ነበር። በጥንድ ጨዋታ ሜዳውን ሁለት ሰው ስለሚካፈለው ሩጫውና ድንገተኛ መታጠፉ ይቀንሳል። ብዙ ሩጫና ዝላይ ግን መገጣጠሚያውን ሊያስበላውና ሊያላላው ይችላል፤ መውደቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ዕድሜውን በነጠላ የተጫወተው ባለቤቴ ያን ቀን ዝም ብሎ ዋለ። ሩቅ የወደቀችውን ኳስ ሮጦ መድረስ ነበር ደስታው። «ይኼም ተመስገን ነው» ብዬ ላጽናናው አልቸኮልኩም። የቀረበት ነገር እውነተኛ ነበርና።

ጥንድ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ራኬት ጨብጬ የማላውቀው እኔ በ54 ዓመቴ ተማርኩ። ዛሬ እሱ መረቡ አጠገብ ይቆማል፣ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ። ራቅ ያለች ኳስ ስትመጣ «ተዋት!» እለዋለሁ፤ አንዳንዴ ይተዋታል።

እናንተም ከቀዶ ጥገናው በፊት ስፖርቱን በስሙ ጠርታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለዋና የሚፈቀደው ለእግር ኳስ ላይፈቀድ ይችላልና። ከተመለሳችሁም በኋላ አዲስ ሕመም፣ እብጠት ወይም ትኩሳት ከመጣ ጨዋታውን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የትዳር ጓደኛችሁ «መጫወት እችል ይሆን?» ሲላችሁ ደግሞ እሺም እምቢም ከማለታችሁ በፊት ከጨዋታው ምኑን እንደሚወድ ጠይቁት። ምናልባት የሚወደው ነገር ለሁለት የሚበቃ ሊሆን ይችላል።