ተሳቢው ከኋላ ይመጣል

ውጫሌ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ያለች ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መንገድ ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። ከዚያም በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወልድያ ይገባል።

የውጫሌን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በውሉ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና የጣሊያን መልእክተኛ አንቶኔሊ የተዋዋሉት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ነበር። ጣሊያን በዚያ ውል ሰበብ መጣና በ1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይ ድል ተመታ። በ1928 ዓ.ም ተመልሶ ሲወረን ከአስመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ሠራ። በ1933 ዓ.ም ተሸንፎ ወጣ። መንገዱና ቃሉ ግን ቀረ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን የምንላቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ተሳቢ ግን የራሳችን ቃል ነው። ሳበ ከሚለው የወጣ ነው። በጭነት መኪና ኋላ ታስሮ የሚሄደውን ሁለተኛውን ጋሪ ተሳቢ እንለዋለን።

ተሳቢ ለወሎ ሰው ውለታ አለው። በ1977 ዓ.ም ረሃብ በበረታ ጊዜ የእርዳታ እህል የመጣው ከአሰብ ወደብ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ ይገባ ነበር። እህሉ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ወጣ። ከደሴም በዚሁ በውጫሌ መንገድ ወደ ሰሜን አለፈ። ከነተሳቢያቸው የሚሄዱ መኪናዎችም ነበሩበት። አንድ ሾፌር በአንድ ሞተር የሁለት መኪና ያህል ጭነት ይወስዳል። ታዲያ ይህ ጥቅም አደጋም አለው። በመንገዱ ዳር የምንኖር ሰዎች አደጋውን ብናውቀው ደግ ነው።

ተሳቢ ሞተር የለውም። ሾፌርም የለው። ፊተኛው መኪና ይስበዋል እንጂ ራሱን አይነዳም። ክብደት ግን አለው። ከባድ ነገር ደግሞ አንዴ መሄድ ከጀመረ በቶሎ አይቆምም።

ዳገት ላይ ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎትታል። ይህ መኪናውን ያዘገያል እንጂ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ፊተኛውን መኪና ይገፋዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ያለውን ሐረጎን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ልያዘው ቢል ፍሬኑ ይግላል። ፍሬን ማለት እኮ የሚሽከረከረውን ብረት በማፋተግ ማቆም ነው። ሁለት እጃችሁን አጥብቃችሁ ብታፋትጉ ይሞቁ የለም? የመኪናው ፍሬን ግን እስኪጨስ ይግላል። ሲግል መያዝ ያቅተዋል።

ስለዚህ ደህና ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። መኪናው ሲያጓራ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ተሳፋሪ “ምን ያንቀረፍፈዋል?” ብሎ ሲያጉረመርም ይሰማል። ለእኔ ግን ቀስ ብሎ እያጓራ የሚወርደው ነው ጎበዝ ሾፌር።

የፍጥነትንም ነገር እስቲ እናስላ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። በ20 ክንድ ይቆም የነበረው 80 ክንድ ይፈልጋል። ከብት የሚያሻግር ሰው “አይቶኛል፣ ይቆማል” ብሎ መግባት የለበትም። ሾፌሩ አይቶ ይሆናል። ማቆም ግን ሌላ ነው።

ኩርባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሬ ረጅም ግንድ እየጎተተ ሲዞር አይታችኋል? በሬው ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ የግንዱ ጫፍ ግን ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ተሳቢውም እንዲሁ ነው። ፊተኛው መኪና ያለፈበትን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ኩርባው ውስጥ ይጠጋል። መኪናው አለፈኝ ብሎ በኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ የቆመ ሰው በተሳቢው ጎማ ሊያዝ ይችላል። ኩርባ ላይ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ተሳቢው እስኪያልፍም ጠብቁ።

በመኪናውና በተሳቢው መካከል ክፍት ቦታ አለ። ሁለቱን የሚያያይዘው ብረት ያለው እዚያ ነው። መኪናው ሲቆም ቦታው መሻገሪያ ይመስላል። በገበያ ቀን ሸክም የያዘ ሰው ዞሮ ከመሄድ በዚያ ሾልኮ ማለፍ ያምረዋል። ሾፌሩ ግን ያንን ቦታ ከመቀመጫው አያየውም። ሰው አለ ብሎም አያስብም። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ በዚያ አትለፉ። ዳገት ላይ ከተሳቢው ኋላ የሚንጠለጠሉ ልጆችንም እንዲሁ አያያቸውም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ቤተሰብ ለዕረፍት ሲወጣ በቤት መኪና ትንሽ ተሳቢ ይጎትታል። ውስጡ አልጋና ምድጃ አለ። ቤትን ይዞ መጓዝ ያስቃል? የአፋር አርብቶ አደርም እኮ ቤቱን በግመል ጭኖ ይሄዳል። የእነዚያ ሰዎች ዋና ጭንቀት አጫጫኑ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይጥለዋል። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ያደርጉታል። ተሳቢው 1000 ኪሎ ቢመዝን 100 ኪሎ ያህሉ በማያያዣው ላይ ያርፋል። በማያያዣው በኩል ሰንሰለትም ያስራሉ። ማያያዣው ቢለቅ ሰንሰለቱ ይይዘዋል።

ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪ የጫነ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ኩንታሉ ወደ ኋላ ከሄደ ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ ያነሣዋል። በጣም ወደ ፊት ከመጣም ጀርባውን ይጫነዋል።

ተሳቢ ያለው መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ማድረጉ ትክክል ነው። ሲነሣ ግን ድንጋዩን ትቶት የሚሄድ አለ። በጨለማ የሚመጣው መኪና ያን ድንጋይ አያየውም። ድንጋዩን ካያችሁት ሳይመሽ ከመንገዱ ላይ አንሡት። ከመግባታችሁ በፊት ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ተመልከቱ።