ጠጠር፣ ፊደልና ኮምፒዩተር

ጨዋታን የሥራ ጠላት፣ ንባብን የሥራ ፈት ማሳለፊያ፣ አዲስ መሣሪያን ደግሞ የባህል ባላንጣ አድርጎ የመመልከት ዝንባሌ በአንዳንድ ወገኖች ዘንድ ዛሬም አልጠፋም። ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወጥቶ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽሕፈት የተሠማራ ወጣት ግን ሦስቱንም በአንድ ቀን አስማምቶ ይኖርባቸዋል። ቀን ለእንጀራው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ይጽፋል፤ አመሻሹ ላይ በስልኩ ይጫወታል፤ ከመኝታው በፊት መጽሐፍ ይገልጣል። ከሩቅ ለሚያየው ሦስት የተበታተኑ ፍቅሮች ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የነገርን ሕግ ለይቶ የማወቅ ጉጉት ነው።

ይህ ጉጉት ከከተማ የተገኘ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው የመንዝ አምባ ላይ ባና ደርቦ በግ የሚጠብቅ፣ በግሼ ተረተር ወይም ከጀማና ከወንጪት ሸለቆዎች በላይ ባለው የመርሐ ቤቴ ሜዳ ከብት የሚያግድ ልጅ፣ መሬት ምሶ፣ ጠጠር ለቅሞ ገበጣ ይገጥማል። ከአንድ ቤት ያነሣውን ጠጠር በየቤቱ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል፤ የመጨረሻው ጠጠር ያረፈበትን ቤት አይቶም ይቀጥላል፣ ይበላል ወይም ያቆማል። ፕሮግራም ጸሐፊው በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሙያውን ሦስት መሠረቶች ያገኛቸዋል፤ በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች፣ እስኪያልቅ ድረስ የሚደገም ሥራ፣ «እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን» የሚል ውሳኔ። እረኛው ስማቸውን ባያውቅም ሥራቸውን ጠንቅቆ ያውቃል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም እንዲሁ ለባለሙያው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጨዋታ መክፈቻ ላይ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እጆች እኩል ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ሌላው ዓለም የሚያውቀው ቼዝ በተራ የሚሄድ በመሆኑ የተለመደው የኮምፒዩተር ቼዝም በተራ ላይ የተመሠረተ ነው። ወረራን በፕሮግራም ለመግለጽ የሚነሣ ሰው ግን ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ አንድ ገበታ ሲነኩ የሚፈጠረውን ግጭት መፍታት አለበት፤ ይህም በሙያው ውስጥ ከከባዶቹ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ንባቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና መሰል ጨዋታዎች ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ከ100 በላይ ዓይነቶችን ከነአጨዋወታቸው መዝግበዋል። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ያለው አለ፤ በአፍሪካ ቀንድ እንጂ በሌላው ዓለም እምብዛም የማይገኝ ባለ ሦስት ረድፍም አለ። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪንም መንዝ ተቀምጠው ያጠኑትን መሠረት አድርገው «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1965 አውጥተዋል። የመንዝ ልጅ የአያቶቹን አነጋገርና ጨዋታ በእንግሊዝኛ ሲያነብ ደስታና ቁጭት አብረው ይሰሙታል። መዝጋቢዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል፤ የቀጣዩን መዝገብ ብዕር የሚያነሣው ግን ማን ነው?

ለዚህ ሥራ መሣሪያው አልጠፋም። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪ ለፊደላችን የየራሱን የቁጥር መለያ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መለያ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ መንገዱ ተከፈተ። ዛሬ የገበጣን ሕግ በአማርኛ ጽፎ ከፕሮግራሙ ጋር ማኖር ይቻላል።

የሚቸግረው ሕጉን ማግኘቱ ነው። ወጣቱ አገር ቤት ገብቶ ሽማግሌ ሲጠይቅ የሚገጥመው መልስ ይህን ያስረዳል።

«አባባ፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ቤት ቢገባ ምን ይደረጋል?»

«አይ ልጄ፣ ይህ ምን ይጠየቃል! ቁጭ በልና እንጫወት፤ እጅህ ራሱ ያውቀዋል።»

ኮምፒዩተር ግን እጅ የለውም፤ ያልተነገረውን አያውቅም። ስለዚህ ወጣቱ መጫወት፣ መሸነፍ፣ እንደገና መጠየቅና ማስታወሻ መያዝ ይኖርበታል። ወንዝ ተሻግሮ ሌላ መንደር ሲደርስ ደግሞ ሕጉ ተለውጦ ሊያገኘው ይችላል። ይህን ልዩነት ስሕተት ነው ብሎ ያስተካከለ እንደሆነ፣ ሊያድነው የመጣውን ሀብት በገዛ እጁ አጠፋው ማለት ነው። አንድ ዓይነት ገበጣ ብቻ በስልክ ተሠራጭቶ ልጆች ሁሉ እሱን ብቻ ቢለምዱ፣ የቀሩት ከሽማግሌዎቹ እጅ ጋር አፈር ይገባሉ።

የምዕራብ አፍሪካው የገበጣ ዘመድ አዋሪ ምን እንደ ደረሰለት ማየት ይጠቅማል። 12 ቤትና 48 ጠጠር ያለውን ይህን ጨዋታ ሁለት የአምስተርዳም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በኮምፒዩተር እስከ መጨረሻው መርምረውታል። 889,063,398,406 የጠጠር አቀማመጦችን አስልተው፣ ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ ውጤቱ እኩል እንደሚሆን አረጋግጠዋል። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው የአዋሪ ሕግ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ያልተጻፈ ጨዋታ ግን የቱንም ያህል ጥልቀት ቢኖረው ለምርምር አይቀርብም።

እንግዲህ የፕሮግራም ጸሐፊው የዕለት ተዕለት ፍቅሮች እንደ ትርፍ ነገር የሚታዩ አይደሉም። ጨዋታው ጥያቄውን ይሰጠዋል፤ ንባቡ ቀደም ሲል ማን ምን እንዳለ ይነግረዋል፤ ሙያው ደግሞ መልሱን ለማስቀመጥ ያስችለዋል። የጎደለው ረዳት ነው። የመሐል ሜዳ፣ የሞላሌ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለክረምት ዕረፍት ሲያሰናብቱ የየመንደራቸውን ገበጣ ሕግ ጠይቀው እንዲመጡ ቢያዙ፣ የባህል ሠራተኛውም የመንደሩንና የተናጋሪውን ስም ሳይዘነጋ ቢመዘግብ፣ ወጣቱ የሚጽፈው ፕሮግራም እውነተኛ መሠረት ይኖረዋል። ወጪው ደብተርና እርሳስ ነው። ሽማግሌው ግን ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም።